እትዬ ራዲዮ ዝም ያሉ ዕለት

እንቅልፍ ያማረው ሰው ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው ካለ፣ ያን ምሽት ሚጢጢን ቢያያት ይበቃው ነበር። ሚጢጢ ያሏት ቁመቷን አይተው ነው። ሥራዋን ቢያዩ ኖሮ ሌላ ስም ያወጡላት ነበር፤ ምክንያቱም ልጅቱ የክሬን ሰው ናት። ሰላሳ ሜትር መሰላል ወጥታ፣ ቁም ሣጥን በምታክል ካቢን ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ብረትና ሲሚንቶ ከምድር አንስታ ሰማይ ላይ የምታስቀምጥ። ማለቴ ልትሆን ነው እንጂ ገና አልሆነችም። ፈተና አለባት።

ፈተናው ለወሬ ቀላል ነው። እስከ አፉ ውሃ የተሞላ በርሜል በገመድ ይንጠለጠላል፤ በተተከሉ እንጨቶች መሃል እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ መሬት ላይ በኖራ በተሰመረ ክብ ውስጥ ያርፋል። ውሃው ከበርሜሉ አፍ ከሦስት ጣት በላይ ከጎደለ፣ በቃ፣ ወድቀሻል። ባለፈው ጊዜ አራት ጣት ጎደለባት። በዋዜማው የጎረቤት ውሻ ሲያላዝን አድሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም ነበር። እንቅልፍ ያጣ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ላይ ጣት ስትንቀጠቀጥ እዚህ ታች በርሜል ይጨፍራል። የሚፈቀደው ሁለት ሙከራ ነው፤ ሁለተኛው ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከወደቀች ተመልሳ መጋዘን ገብታ ብሎንና ዳዶ መለየት ነው። ሦስት ዓመት ለይታለች፤ ብሎን በሕልሟ ሁሉ ይመጣባታል።

ስለዚህ ሚጢጢ ተዘጋጅታለች። ውሻው በሥጋ ተደልሎ ሌላ ግቢ ሄዷል። መጋረጃው ተዘግቷል፣ እግር ታጥቧል፣ ስልኩ ለማንቂያ ተሞልቷል። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ብርድ ልብሷን ገልጣ አንድ እግሯን አልጋ ላይ እንዳወጣች በሩ ተንኳኳ። ተንኳኳ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ተደበደበ።

«ቤቶች! አላችሁ ወይስ የላችሁም? ክፈቱልን እንጂ፣ ብርዱ ጨረሰን!»

ሚጢጢ እግሯን ከአልጋው ላይ አወረደች። ድምፁን ለማወቅ በር መክፈት አያስፈልግም። እትዬ ራዲዮ ናቸው፣ የአባቷ ታላቅ እህት። ራዲዮ የተባሉት መክፈቻ እንጂ መዝጊያ ስላልተሠራላቸው ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ተናግረው አልደከማቸውም፤ ሲበሉ ይናገራሉ፣ ሲጸልዩ ለፈጣሪ ወሬ ይነግሩታል። ከኋላቸው ባለቤታቸው ጋሼ ወፍጮ ገቡ። ጋሼ ወፍጮ ቀን ቀን ቃል አይወጣቸውም፤ ሌሊት ግን አፍንጫቸው የቀኑን ሁሉ ያካክሳል። በመጨረሻ ልጃቸው ጎል ሁለት ሻንጣ ተሸክሞ ብቅ አለ። ጎል ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ በስልኩ ኳስ ያያል፤ ኳስ መረብ ሲነካ «ጎ...ል!» ይላል፤ የራሱን ጩኸት ስለማይሰማው ሰውም የማይሰማው ይመስለዋል።

«ነገ በጠዋቱ አውቶብስ መንገደኞች ነን» አሉ እትዬ ራዲዮ፣ ሚጢጢን አገላብጠው እየሳሙ። «እግረ መንገዳችንን የወንድሜን ቤት ሳናይ አናልፍም ብለን ነው። አንድ ሌሊት! አንድ ሌሊት ብቻ! አንቺ ልጅ ግን ምነው አላደግሽ?»

እናቷ ሚጢጢን በክንዷ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ጎተተቻት።

«ስለ ፈተናው ትንፍሽ እንዳትዪ!»

«እማዬ፣ ነገ እኮ...»

«ነገ መሆኑን አላጣሁትም። ግን ከሰሙ አሁኑኑ ሻንጣቸውን አንስተው ሆቴል ፍለጋ ይወጣሉ። ከዚያ 'ወንድሜ ሲሞት ሚስቱ ከደጅ መለሰችን' ይባልልኛል። እንግዳ ዝም በል አይባልም፣ ልጄ። ቻይው።»

ቻለችው። ምን ታድርግ? አልጋዋን ለባልና ሚስቱ ለቀቀች። እራት ላይ ቁጭ ብላ ዐይኗ እየተከደነ አንዴ ረዘም አድርጋ አዛጋች፤ ፍንጭ መስጠቷ ነበር። ፍንጩ ከድጡ ወደ ማጡ ወሰዳት።

«እኔን! ልጄን ርቧታል!» አሉ እትዬ ራዲዮ፣ ሾርባውን ከነድስቱ እየሳቡ። «ማዛጋት የራብ ነው። ብይ! ብይ እንጂ! አጥንት ብቻ ሆነሻል እኮ።» ሚጢጢ ሦስት ሳህን ሾርባ ጠጣች። ከዚያ በኋላ ማዛጋት ምን ቆርጧት!

«ቆይ ግን» አሉ እትዬ፣ «እዚያ ሰማይ ላይ ቁጭ ብለሽ ታች ያለው ሰው የሚልሽን በምን ትሰሚያለሽ?»

«አልሰማም፣ አክስቴ። በእጅ ነው የምንነጋገረው።»

«በእጅ!»

ሚጢጢ አሳየቻቸው። ጠቋሚ ጣት ወደ ላይ ተቀስሮ ሲሽከረከር፣ አንሳ። ወደ ታች ሲሽከረከር፣ አውርድ። መዳፍ አየሩን ደበስ ደበስ ሲያደርግ፣ ቀስ። ክንድ ወደ ላይ ተነስቶ እጅ ጭብጥ ሲል ደግሞ፣ ቁም። «ክሬኑ ላይ ያለው ሰው የሚታዘዘው አንድ ምልክት ሰጪን ብቻ ነው» አለች። «'ቁም' ግን የማንም ቢሆን ይከበራል። መንገደኛም ቢያሳይሽ ትቆሚያለሽ።»

እትዬ ራዲዮ እስኪያነቡ ሳቁ። «ያለ አፍ ወሬ! እኔ ብሆን በአንድ ቀን ፈንድቼ እሞት ነበር!» አሉና ክንዳቸውን አንስተው ጭብጥ አደረጉ፤ ባላቸው ላይ ሞከሩት። ጋሼ ወፍጮ ማንኪያቸውን አፋቸው ጋ አድርሰው ቆሙ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እንግዲህ ሌሊቱ እንዲህ ሆነ። ሚጢጢ መጀመሪያ ከእናቷ ጎን ተኛች። እትዬ ራዲዮ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የአንዲት ዘመዳቸውን የሐሞት ጠጠር ከመጀመሪያው ቁርጠት ጀምረው ማውራት ያዙ። ጠጠሩ ገና ሳይወጣ ሚጢጢ ፍራሿን ጎትታ ሳሎን ገባች። ሳሎን ጎል አለ፤ ሸለብ ሊያደርጋት ሲል «ጎ...ል!» ተነስታ ተቀመጠች። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ወፍጮው ሥራ ጀምሯል፤ ኽርርር ብሎ ይፈጫል፣ ይቆማል፣ እህሉ ተጨምሮለት እንደገና። ወጥ ቤት ሄደች፤ ማቀዝቀዣው እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። ጥጥ ጆሮዋ ውስጥ ወተፈች። በጥጡ ላይ ሻሽ አሰረች። በሻሹ ላይ የሥራ ቆብዋን ደፋች። የሐሞት ጠጠሩ በዚያ ሁሉ አልፎ መጣ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እትዬ ራዲዮ ለውሃ ሽንት ተነስተው መታጠቢያ ቤቱን ቢከፍቱ፣ የወንድማቸው ልጅ ብረት ቆብ ደፍታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ባልዲ ተደግፋ መሬት ላይ ተኮራምታለች።

«በስመ አብ! ምን ሆነሻል አንቺ?»

ሚጢጢ ልትዋሽ አፏን ከፈተች። «ምንም አልሆንኩም» ልትል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ነገ ፈተና አለብኝ፣ አክስቴ!» አለችና ሆዷ ባብቶ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ስለ በርሜሉ፣ ስለ አራቱ ጣት፣ ስለ ብሎኑ ሁሉንም ዘረገፈችው።

እትዬ ራዲዮ ደረታቸውን ደቁ። «ታዲያ ዝም በሉ አትይንም ወይ?»

«እንግዳ ዝም በል አይባልም።»

«ማን ነው እንግዳ? እኔ? የወንድሜ ቤት ውስጥ?» ሊጮሁ ጀምረው ነበር። ከዚያ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ክንዳቸውን ቀስ ብለው አንስተው እጃቸውን ጭብጥ አደረጉ፤ በዐይናቸው 'ይሄ ነው አይደል?' አሏት። ሚጢጢ እያለቀሰች ሳቀች።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጋሼ ወፍጮ ከነትራሳቸው ተነስተው ሳሎን ተጣሉ፣ ሚጢጢ ወደ ገዛ አልጋዋ ተመለሰች፣ በሩም ተዘጋባት። ከዚያ ቤቱ ጸጥ ማለት ጀመረ።

ኧረ ተዉኝ! ያ ጸጥታ ከሁካታው ይብስ ነበር። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ፤ የእትዬ ራዲዮ ሹክሹክታ ሦስት ቤት ተሻግሮ ይሰማል። «ሽሽሽ! ልጅቷ ተኝታለች! ጎል፣ ያን ስልክ ዝጋው! ባዶ እግርህን ሁን!» ወፍጮው ኽርር ሊል ሲጀምር በመሃል እፍን ይላል፤ አፍንጫቸው ተይዞ ነው። ቆይቶ ወጥ ቤት ውስጥ ትልቁ ትሪ ጓ...ጓ...ጓ ብሎ ወደቀ፤ እየተሽከረከረ ረጅም ጊዜ ቆየ። ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ የእናቷ ድምፅ ከወዲያ ጮኸ፦ «ምንም አይደለም! አንቺ ተኚ!»

ሚጢጢ ብርድ ልብሱን ነክሳ ሳቀች። ሆዷን እስኪያማት፣ እንባዋ ጆሮዋ እስኪገባ ሳቀች። እየሳቀች ሳለ እንቅልፍ መጥቶ ይዟት ሄደ።

ስትነቃ ብርሃን ነው፤ አሥራ ሁለት ተኩል ሆኗል። ኮሽታ የለም። ልቧ ድንግጥ አለ። ተቀይመው ሄደዋል! አውቶብሱ የሚነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ሳልሰናበታቸው፣ በእኔ ሰበብ ኩርምት ብለው አድረው ሄዱ ብላ በሌሊት ልብሷ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

አራቱም ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ቲማቲም መስሏል። ቃል የሚተነፍስ የለም። እትዬ ራዲዮ ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ ታች አሽከረከሩ፤ ጎል ስኳሩን በማንኪያ ወደ ስኒያቸው አወረደ። መዳፋቸው አየሩን ደበስ አደረገ፤ ጎል ቀስ አለ። ጭብጥ፤ ቆመ።

«እንዴት አደራችሁ?» አለች ሚጢጢ።

«በጣም ደህና!» አሉ በአንድ አፍ፣ አንድ ላይ እያዛጉ።

«አውቶብሱስ?»

«ፈተናሽን ሳናይ ወዴት ነው የምንሄደው!» አሉ እትዬ ራዲዮ። ድምፃቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲታፈን ያደረ ነውና እንደ ተከፈተ ቧንቧ ወጣ። «የቀረነውስ ደክሞን አይደለም! ሁላችንም እኮ እንቅልፍ ጠግበን...»

«ምን እንቅልፍ አለ?» አለ ጎል። «በዚያ ማንኮራፋት ማን ይተኛል!» እናቷ በጠረጴዛው ስር በእርግጫ ነረተችው።

ሚጢጢ ወደ ጋሼ ወፍጮ ዞረች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም አልሰማሁም።»

ጋሼ ወፍጮ ከመጡ ጀምሮ ቃል ያልወጣቸው ሰው፣ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አትሰሚም፣ ልጄ» አሉ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔን ወፍጮ ይሉኛል። አንቺ ግን ፋብሪካ ነሽ።»

ያን ቀን ጠዋት ሚጢጢ የሳቀችውን ሳቅ ዐሥር ሌሊት ቢተኛ አይገኝም። እጇን ዘርግታ አየችው። ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጠ ውሃ ጸጥ ብሏል።

ሦስት ሰዓት ላይ ማሰልጠኛው ግቢ ደረሱ። ቤተሰብ የሚቆመው ከሽቦ አጥሩ ውጭ ነው፤ አንድ የጣውላ አግዳሚ አለ። ጋሼ ወፍጮ ሻንጣቸውን ይዘው ሲቀመጡ ታዩ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሚጢጢ አላየችም፣ መሰላሉን ይዛ ወደ ላይ እየወጣች ነበር። ካቢኑ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ቁልቁል ስታይ ሰዉ ሁሉ የጥራጥሬ ፍሬ አክሏል። ከአጥሩ ጀርባ ቢጫ ነገር ይታያል፣ የእትዬ ራዲዮ ሻሽ። ያ ሻሽ ከጨረቃ ላይ ሆነውም ይታያል።

ምልክት ሰጪው ጣቱን አሽከረከረ። በርሜሉ ከመሬት ተላቀቀ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ተነሳ። አንደኛው እንጨት፣ አለፈ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አለፈ። የእጇ ዘንጎች እንደ ቅቤ ይታዘዙላታል። ኧረ ይሄ ነገር ሊሆን ነው! የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጨቶች አልፎ በርሜሉ ወደ ነጩ ክብ ጉዞውን እንደ ጀመረ፣ በዐይኗ ጥግ ቢጫው ነገር ተነቃነቀ።

ክንድ ተነስቷል። እጁ ጭብጥ ብሏል።

ቁም።

ምልክት ሰጪው ግን «ና፣ ና» እያለ ነው። ፈታኙ ደረቱ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ምንም የሚታይ ነገር የለም። ሚጢጢ ለአንድ አፍታ ሁሉንም አሰበች። በዚህ ፍጥነት ላይ ብትቆም በርሜሉ ይወዛወዛል፣ ውሃው ይደፋል፣ መጋዘን ትገባለች። ባትቆም ማን ያውቃታል? አክስቴ ናቸው፣ ምን ያውቃሉ ትላለች። ግን ደግሞ አንድ ሰው ከታች ቢኖርስ? እሷ ያላየችውን አክስቷ አይተው ቢሆንስ?

ቆመች። ቆመች ሲባል ግን ፍሬን ረግጣ አይደለም። በርሜሉ ወደፊት ሊሮጥ ሲል፣ ገመዱ የተንጠለጠለበትን፣ በክሬኑ ክንድ ላይ የሚሄደውን ጋሪ ትንሽ ከኋላው አስከተለችለት፤ ሊመለስ ሲል መለስ አለችለት። እሹሩሩ እንደሚባል ሕፃን ነው የያዘችው። እንቅልፍ ያጣ እጅ ይህን አይችልም። በርሜሉ ተወዛወዘ፣ ቀነሰ፣ ረጋ። ከአፉ ውሃ ፈሰሰ፤ ስንት እንደሆነ ከላይ አይታይም። ከአጥሩ ጀርባ ጭብጡ እጅ ወረደ። ምልክት ሰጪውም ዞሮ አይቶ ነበር፤ ፈታኙ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅለት እንደገና «አውርጂ» አላት። በነጩ ክብ ውስጥ አሳረፈችው።

መሰላሉን ወረደች። ፈታኙ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

«ለምን ቆምሽ?»

«ቁም የሚል ምልክት አየሁ።»

«የኔ ሰው ና እያለሽ?»

«ቁም ከማንም ቢመጣ ይከበራል።»

«ማን ነው ያሳየሽ?»

ሚጢጢ ወደ አጥሩ ጠቆመች። አግዳሚው ላይ ጋሼ ወፍጮ አፋቸውን ከፍተው፣ አንገታቸው ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ ግቢውን እስከ ጥግ እያንኮራፉት ነው። ለካ ነገሩ ይሄ ነበር! እትዬ ራዲዮ፣ ያ ማንኮራፋት ሰላሳ ሜትር ወጥቶ ሚጢጢን እንዳይረብሽባቸው ብለው፣ ሌሊቱን ሙሉ የለመደውን እጃቸውን በባላቸው ላይ አነሱ። 'ቁም' ያሉት ወፍጮውን ነው እንጂ ክሬኑን አልነበረም።

ፈታኙ ጋሼ ወፍጮን አየ፣ እትዬን አየ፣ ሚጢጢን አየ። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን በርሜሉ ውስጥ ሰደደ። «ሁለት ተኩል» አለ። «በፈተና ላይ ስንት ሰው በዚያ ጭብጥ ላይ አልፎ ይሄድ እንደነበር ታውቂያለሽ? እኔ ራሴም እጠራጠራለሁ። ሂጂ፣ ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ።»

ሚጢጢ ወደ አጥሩ ሮጠች። እየሮጠች ግን አንድ ነገር እንግዳ ሆነባት። ጸጥታ ነው። እናቷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ጎል ጫማውን ያያል። እትዬ ራዲዮ ደግሞ የቢጫውን ሻሽ ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። ውሃው ሲደፋ አይተዋል። ማን እንዳስደፋውም ገብቷቸዋል። ስልሳ ዓመት ያልተዘጋው ራዲዮ ተዘግቷል። ሐሞት የለ፣ ጠጠር የለ። ዐይናቸው ብቻ ሚጢጢን 'እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ?' ይላታል።

ሚጢጢ ያን ጸጥታ ልትችለው አልቻለችም። ሌሊት ስትመኘው ያደረችው እሱ ነበር፤ አሁን ስታገኘው አስፈራት። «አክስቴ!» ልትል ብትሞክር ድምፅ እምቢ አላት። ስለዚህ ጠቋሚ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀሰረች። አሽከረከረችው። አንሳ። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ።

እትዬ ራዲዮ ጣቷን አዩ። አፋቸው ውስጥ ያለው ሻሽ ወደቀ።

«እልልልልልል!»

ምን ልበላችሁ! ሽቦው ተንቀጠቀጠ፣ ጣራው ላይ ያሉ እርግቦች ተነሱ፣ ፈታኙ ወረቀቱ ከእጁ አመለጠው። ጎል «ጎ...ል!» አለ፣ በዚህኛው ጊዜ ያለ ማዳመጫ። እናቷ እየሳቀች ታለቅሳለች። ጋሼ ወፍጮ ክው ብለው ነቅተው ሻንጣቸውን ጭብጥ አደረጉ።

«ደረስን ወይ?» አሉ። «አውቶብሱ ቆመ?»

«የምን አውቶብስ! አውቶብሱማ ሄደ!» አሉ እትዬ ራዲዮ፣ ሚጢጢን በአጥሩ ቀዳዳ እየጎተቱ እየሳሙ። «ዛሬም እዚያው ነን የምናድረው! ሰማሽ የኔ ልጅ? ሌላ ሌሊት!»

«እሰይ!» አለች ሚጢጢ፣ ድምፅዋ መጥቶላት። «ግን ዛሬ ማንም እንዳይተኛ፤ የሐሞት ጠጠሩ እንዴት እንደ ወጣ አልሰማሁም።»